«ብርድ መትቶኝ ነው» ያለው ተማሪ፦ ውጭ አገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳት ቢመጣስ?



የመስከረም ሰሞን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ይሞላል። «ዶክተር፣ ለትምህርት ውጭ ልወጣ ነው፤ ምን መድኃኒት ልያዝ?» ዛሬ ከመድኃኒት ይልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ላስይዛችሁ። ለምን እንደሆነ ግን መጀመሪያ የአንድ የሰፈራችንን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ ስሙን ግን አልጠቅስም።

ልጁ ሳቢያን ነው ያደገው። ስኮላርሺፕ አግኝቶ ቤጂንግ ሄደ። በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ቤጂንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ ነግቶ ጠዋት 2 ሰዓት ሆኗል።

«ዶክ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩህ።»

«ችግር የለም። ምን ሆንክ?»

«ብርድ መትቶኝ ነው መሰለኝ። የዶርሙ ኤሲ ሌሊቱን ሙሉ ይነፍሳል። ከትናንት ወዲያ አንቀጠቀጠኝ፣ ከዚያ አተኮሰኝ፣ ከዚያ በላብ ተነከርኩና ተሻለኝ። አሁን ደግሞ እንደገና ጀመረኝ።»

እናቱ በስልክ «ምች ነው፤ በሰው ዳማከሴ ልላክልህ» ብለውታል። አንድ ክሊኒክ ሄዶም ጉንፋን ነው ተብሎ የትኩሳት ማስታገሻ ተሰጥቶታል።

«ከየት እንደመጣህ ነገርካቸው?»

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አቦ፣ ወባ ነው ቢሉና ቢመልሱኝስ? ማዘር እኔን ለመላክ ስንት እንደተበደረች ታውቃለህ» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፌ የጠፋው በትኩሳቱ ብቻ አይደለም፣ በዝምታውም ነው። ወባ ታክሞ የሚድን በሽታ ነው። ገዳይ የሚሆነው ሲዘገይ ነው። «ታክሲም ይሁን አውቶቡስ፣ አሁኑኑ ተነስ፣ ትልቅ ሆስፒታል ሂድና ከድሬዳዋ ነው የመጣሁት በል» አልኩት። አንድ ነባር የኢትዮጵያ ተማሪ ይዞት ሄደ። ደሙ ሲታይ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘ። ታከመ፣ በሳምንቱ ክፍል ገባ። ማንም ወደ አገሩ አልመለሰውም።

ቤጂንግ ሄዶ ነው ወባ የያዘው?

አይደለም። የወባ ትንኝ ከነከሰች በኋላ ህመሙ እስኪጀምር ቢያንስ 7 ቀን ገደማ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የታመመ ሰው በሽታውን ይዞት የሄደው ከዚሁ ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። «ከመጣሁ ሦስት ወር አልፎኛል፣ ወባ ሊሆን አይችልም» አይባልም።

«እኔ ከተማ ነው የምኖረው፣ ወባ የገጠር በሽታ ነው» የሚለኝም ብዙ ነው። ድሬዎች እዚህ ጋ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ከተማችን ውስጥ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 በእነዚሁ ወራት ግን 2,425 ሆነ። ከጀርባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ አለች። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታወቀችው በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ከተማ ትወዳለች፤ በርሜል፣ ክዳን የሌለው ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በበጋም ትራባለች። ወረርሽኙ ከተማውንም ዩኒቨርሲቲውንም ነክቶ ነበር።

እዚያ ያሉ ሐኪሞች ለምን አላሰቡትም?

ቻይና በ1940ዎቹ በዓመት ወደ 30 ሚሊዮን ሰው በወባ የሚታመምባት አገር ነበረች። ጁን 30 ቀን 2021 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከወባ ነፃ መሆኗን አረጋገጠላት። አንድ ወጣት ሐኪም እዚያ ተምሮ ተመርቆ የወባ ታማሚ በዓይኑ ሳያይ ሊቀር ይችላል። እኛ ጋ ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ እነሱ ጋ ጉንፋን ነው። እኔም ከአንታርክቲካ የመጣ ሰው ቢመጣብኝ ካልነገረኝ አላውቅለትም!

ግን ከተነገራቸው መንገዱን ያውቁታል። በቻይና አሠራር የተገኘ የወባ ታማሚ በ1 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል፣ በ3 ቀን ውስጥ ከየት እንደመጣ ይጣራል፣ በ7 ቀን ውስጥ በአካባቢው እንዳይዛመት እርምጃ ይወሰዳል። መጥተው ቢጠይቋችሁ አትደንግጡ። ወባ በትንፋሽም በመጨባበጥም አይተላለፍም።

ጄት ላግ ነው ወይስ ህመም?

የመጀመሪያው ሳምንት ለማንም ከባድ ነው። ሰዓቱ ሲቀየር ሌሊት ዓይን ይፈጣል፣ ቀን ያንቀላፋችኋል፣ ሆድ ይረበሻል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሆድም ይብሳል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ይብሳል፤ ሰውነት በግምት በቀን የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው የሚያስተካክለው። ስለዚህ ለቤጂንግ አምስት ቀን ገደማ ስጡት። ጠዋት ፀሐይ ሙቁ፣ ቀን ረጅም እንቅልፍ አትተኙ።

ጄት ላግም፣ ናፍቆትም፣ የምግብ ለውጥም ግን ትኩሳት አያመጡም። ቴርሞሜትሩ 38 እና ከዚያ በላይ ካለ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ቢጫ ወባ ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ በሽታ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ቢጫ ካርዱ እንዳይጠፋ። የተለመደውን ወባ ግን አይከላከልም።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ትኩሳት ካለ «ከደረስኩ በኋላ እታያለሁ» አትበሉ። እዚሁ ተመርመሩ፣ የታዘዘውን መድኃኒት ጨርሱ።

3. ቴርሞሜትር ያዙ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ትልቅ።

4. ይህቺን ዓረፍተ ነገር በምትሄዱበት አገር ቋንቋ አስተርጉማችሁ ስልካችሁ ላይ ስክሪንሾት አድርጉ፦ «ወባ ካለበት አካባቢ፣ ከኢትዮጵያ፣ በዚህ ቀን ነው የመጣሁት። ትኩሳት አለኝ። እባክዎ የወባ የደም ምርመራ ያድርጉልኝ።» ኢንተርኔት ባይኖርም ማሳየት ትችላላችሁ።

5. ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሂዱ። ምርመራው ኔጋቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀ በ12 ወይም በ24 ሰዓት ልዩነት ይደገም፤ አንዴ ታይቶ የለም ማለት ሁልጊዜ አይበቃም።

6. ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ። ዴንጊም ድሬዳዋ ውስጥ አለ፤ ዴንጊ ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማት ያባብሳሉ። ከቤት የተረፈ ኮአርተም እየዋጡ መጠበቅም አይሆንም።

7. ቫይቫክስ ከተባላችሁ «ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋው መድኃኒትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ሐኪሙ ቀድሞ የደም ምርመራ ያደርጋል። ካልወሰዳችሁት በፈተና ሰሞን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

8. መቀባዠር፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የጠቆረ ሽንት ወይም የማይቆም ትውከት ካለ አምቡላንስ ጥሩ። በቻይና ቁጥሩ 120 ነው። ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ የዚያን አገር ቁጥር ቀድማችሁ ያዙ።

ይህ ለቤጂንግ ብቻ አይደለም። ዴልሂም ሂዱ ኢስታንቡል፣ ዓረፍተ ነገሯ አንድ ናት።

ለወላጆችም አንድ ነገር። ልጆቻችሁ በስልክ «ደህና ነኝ» የሚሏችሁ እንዳትጨነቁ ብለው ነው። ብድሩንም ልፋታችሁንም ያውቁታል፤ ዝም የሚሉትም ለዚያ ነው። ስለዚህ «በርታ» ብቻ ብላችሁ አትዝጉት። «ትኩሳት አለህ? ለካኸው? ስንት አለ?» በሉ። እሱ ሲታመም ሐኪም ቤት መሄዱ ልፋታችሁን ከንቱ እንደማያደርገው ከአፋችሁ ይስማ።

ልጃችን ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ደርሷል። አዲስ የሚገቡትን የኢትዮጵያ ልጆች ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቃቸው «ስክሪንሾቷን ይዛችኋል?» ብሎ ነው አሉ።

ሊሄድ የተዘጋጀ ልጅ ያለው ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። መልካም ጉዞ፣ መልካም ትምህርት፣ ጤና ይስጥልን።