የመልካሳ ዝቃጭ ከሲሚንቶ ቢገባ

ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ጀማን ተሻግሮ ለሚን ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ለመርሐቤቴ ግንበኛ ሲሚንቶ ጎረቤት ሆኗል ማለት ነው። አንድ ጥርጣሬ ግን አብሮ ይጓዛል፦ ከክሊንከር ጋር ሌላ ዱቄት የተቀየጠበት ፒፒሲ ቅይጥ ከሌለበት ከተራው ሲሚንቶ ከኦፒሲ ያነሰ፣ እንዲያውም የተጭበረበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእኔ አመለካከት ትክክለኛው ቅይጥ ሲሚንቶን አያረክሰውም። ከፋብሪካ የሚወጣ በሲሊካ የበለጸገ ዝቃጭም ከዚህ ቅይጥ ቦታ ይገባዋል።

ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1450 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገሩ ነው። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ስለሚተን፣ ክሊንከርን መቆጠብ ነዳጅንም አየርንም መቆጠብ ነው። ክሊንከሩ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ሁለት ነገር ይወለዳል። አንዱ አሸዋና ጠጠሩን የሚያጣብቀው የካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ነው። ሌላው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ነጻ ኖራ፣ ሲሆን ከጠነከረው ሲሚንቶ አንድ አምስተኛ ገደማ ይይዛል፤ ጥንካሬ ብዙም አይጨምርም፣ ውሃም ቀስ በቀስ ያጥበዋል። ውስጣዊ ቅርጹ የፈረሰ ሲሊካ ይህን ኖራ ተቀብሎ እንደገና ሙጫ ያደርገዋል። ተራ የኳርትዝ አሸዋም ሲሊካ ነው፤ ነገር ግን ክሪስታሉ ጥብቅ ስለሆነ ከኖራው ጋር አይዋሃድም።

በአዋሽ መልካሳ የአሉሚኒየም ሰልፌት ፋብሪካ ካኦሊን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር እየተዋሃደ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚሆነው ኬሚካል ይመረታል። አሉሚኒየሙ ሲወጣ የሚቀረው ዝቃጭ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቅርጹ የፈረሰ ሲሊካ ነው። የግብፅ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ዝቃጭ በሲሚንቶ ውስጥ ፈትነዋል። አሲዱስ? ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ሊታለፍም አይገባም። የተረፈው ሰልፌት ከክሊንከሩ አሉሚኔት ጋር ኤትሪንጃይት የሚባል መርፌ መሰል ክሪስታል ይሠራል፤ ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ከበዛ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ዝቃጩ መታጠብ፣ ሰልፌቱም ተለክቶ ከሚጨመረው ጂፕሰም ላይ መቀነስ አለበት። ዱቄቱ እጅግ የላመ በመሆኑ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል፤ መጠኑ አነስተኛ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ለዚሁ ቅይጥ የሚሆን ፑሚስ ሞልቶ ሳለ ዝቃጭ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ፑሚስ ይሠራል፣ እየተሠራበትም ነው። ሆኖም ፑሚስ ተራራ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ዝቃጩ ግን ባይጠቀሙበትም መከማቸቱ አይቀርም። የአንድ ፋብሪካ ዝቃጭ ለአገሩ ሲሚንቶ ሁሉ አይበቃም፣ እስከ ለሚ ማጓጓዙም ወጪውን አይመልስም፤ መልካሳ አጠገብ በአዳማ ዙሪያ ላሉ ብሎኬትና ኮንክሪት አምራቾች ግን ይሆናል።

በመርሐቤቴ ፒፒሲ ይዞ ለሚገነባ ሰው ደግሞ ቁም ነገሩ ይኸው ነው፦ ሲሊካው ከነጻው ኖራ ጋር የሚያደርገው ሁለተኛው ውህደት ሳምንታት ይፈጃል፣ ኮንክሪቱ ከደረቀ ይቆማል። ግንበኛው ከ7 ቀን ላላነሰ ጊዜ፣ ቢቻል ለሁለት ሳምንት፣ ውሃ ያጠጣው።