በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ስለሚገኘው የውሃ መንገድና በሸራ ጀልባ ስለሚጓዙበት ባልና ሚስት

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ምሥራቅ ጠረፍ፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋራ ጎን ለጎን የሚሄድ፥ ነገር ግን በደሴቶችና በአሸዋ ክምር ከውቅያኖሱ ማዕበል የተከለለ ረጅም የውሃ መንገድ አለ። መነሻው በቨርጂኒያ የምትገኘው የኖርፎክ ወደብ ናት፤ ከዚያ ተነሥቶ በሰሜን ካሮላይና፥ በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ አልፎ በፍሎሪዳ እስካለችው እስከ ማያሚ ከተማ ድረስ 1,750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ወንዙና ሐይቁ፥ ወደ ምድር የገባው የባሕር ክንድና በሰው እጅ የተቈፈረው ቦይ እንደ ሰንሰለት ቀለበት እርስ በርሳቸው ተያይዘው አንድ መንገድ ሆነዋል። ፀጥ ያለ መንገድ ግን በራሱ አይገኝም፤ የሚሠራውም የሚጠብቀውም ሰው ነው። ይህ ቃል እውነት መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ከሚነገረው መረዳት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ባልና ሚስት ዐሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ባላት ባለ ሸራ ጀልባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ እናስብ። እንደነዚህ ያሉ መንገደኞች በየዓመቱ ብዙዎች ናቸው፤ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ወደ ሞቃቱ አገር ስለሚወርዱ የአገሩ ሰዎች «የበረዶ ወፎች» ይሏቸዋል። የሚነሡበት ጊዜ በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። በዚያ ባሕር ጽኑ ዐውሎ ነፋስ የሚነሣበት ወራት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ቀን ድረስ ስለ ሆነ፥ እጅግ የፈጠነ ዐውሎ ነፋሱን ያገኛል፤ እጅግ የዘገየም ብርዱ ይቀድመዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ በእኛ አቈጣጠር በጥቅምትና በኅዳር ይጓዛሉ።

በውጭ ባለው ውቅያኖስ ለምን አይሄዱም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ምክንያቱ ይህ ነው። በውቅያኖሱ ውስጥ ገልፍ ስትሪም የሚባል ሙቅ የባሕር ፈሳሽ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ነፋስ ከሰሜን በነፈሰ ጊዜ ነፋሱና ፈሳሹ ፊት ለፊት ይጋጠማሉና ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሣል። በሰሜን ካሮላይና ወደ ባሕር በገባው በሐተራስ የምድር ጫፍ አጠገብ ከጥንት ጀምሮ ብዙ መርከቦች ስለ ተሰበሩ ስፍራው «የአትላንቲክ መቃብር» ተብሏል። ጦርነት በተነሣ ጊዜም ውጭው ባሕር ለጠላት የተጋለጠ ነው፤ በ1942 ዓ.ም. የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በዚያው ጠረፍ ፊት ብዙ የጭነት መርከቦችን አስጥመዋል። ይህንን የመሰለውን አደጋ አስቀድመው የተመለከቱት የገንዘብ ሚኒስትሩ አልበርት ጋላቲን ገና በ1808 ዓ.ም. በጠረፉ ውስጥ ውስጡን የሚሄድ የውሃ መንገድ እንዲሠራ ለአገሩ ምክር ቤት መግለጫ አቅርበው ነበር።

እንግዲህ ባልና ሚስቱ ከኖርፎክ ሲነሡ በፊታቸው ሁለት ቦዮች ያገኛሉ። አንደኛው በእንፋሎት ኀይል በሚሠሩ መቈፈሪያዎች ተቈፍሮ በ1859 ዓ.ም. የተከፈተው ነው። ሁለተኛውና ጥንታዊው የዲዝማል ስዋምፕ ቦይ ይባላል፤ ትርጓሜውም ጨለማ የዋጠው፥ ልብ የሚያስጨንቅ ረግረግ ማለት ነው። ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ውሃው ከዛፉ ቅርፊትና ከበሰበሰው ቅጠል የተነሣ እንደ ሻይ የጠቈረ ነው።

የቦዩ ውሃ በሁለቱ ጫፎች ካለው ውሃ ከፍ ያለ ስለ ሆነ በየጫፉ የውሃ በር ተሠርቶለታል። ጀልባይቱ በግንብ ወደ ታጠረው ክፍል ትገባለች፤ የኋላው በር ይዘጋል። ከዚያም ከላይኛው ወገን ውሃ ሲለቀቅ ክፍሉ ይሞላል፤ ጀልባይቱም ከውሃው ጋራ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ትላለች። ውሃው ከላይኛው ጋራ ሲተካከል የፊቱ በር ተከፍቶ መንገዷን ትቀጥላለች። በሌላው ጫፍ ደግሞ ውሃውን በማጕደል ትወርዳለች። ጀልባይቱን የሚያነሣት ሌላ መሣሪያ የለም፤ ውሃው ራሱ ይሸከማታል። በዚህ ጊዜ ባልና ሚስቱ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ ሆነው ገመዱን ይዘው ጀልባይቱ ከግንቡ ጋራ እንዳትጋጭ ይጠብቃሉ።

ይህንን ቦይ ማን ቈፈረው? ቍፋሮው በ1793 ዓ.ም. ተጀምሮ ቦዩ በ1805 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ከጌቶቻቸው በኪራይ የተወሰዱ ባሮች ነበሩ። በዚያ ቦይ ጭነት የሚያመላልሱ ጀልባዎች አለቃ የነበረ ሞዝስ ግራንዲ የሚባል ባሪያ፥ የሕይወቱን ታሪክ በ1843 ዓ.ም. በለንደን አሳትሟል። እርሱ እንደ መሰከረው፥ ባሮቹ እስከ ወገባቸው፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በጭቃና በውሃ ውስጥ ቆመው የዛፉን ሥር ይቈርጡና ጭቃውን ይዝቁ ነበር። እርሱ ራሱም ነጻነቱን ለመግዛት 600 ዶላር ለጌታው ከፈለ፤ ጌታው ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ለሌላ ሸጠው። ሁለተኛም 600 ዶላር ከፍሎ ተካደ። በሦስተኛው አንድ ቅን ሰው በ650 ዶላር ገዝቶት፥ ግራንዲ ያን ገንዘብ ሠርቶ መልሶለት ነጻ ወጣ። እንግዲህ ዛሬ ባልና ሚስቱ በጥላው ሥር በፀጥታ የሚያልፉበት ውሃ፥ ደመወዙ ያልተከፈለ የብዙ ሰው ድካም አለበት።

ከቦዩ ሲወጡ አልበማርል የሚባለው ሰፊ ውሃ ይቀበላቸዋል። ይህ ውሃ ጥልቀት ስለሌለው ጥቂት ነፋስ ሲነፍስበት ቶሎ ይታወካል፤ ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ መልካም ቀን እስኪመጣ ድረስ መልሕቁን ጥሎ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ዐይናቸው ዘወትር በምልክቶቹ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ቀዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በቀኝ፥ አረንጓዴው ባለ አራት ማዕዘን በግራ ይሆናል። ከባሕር የሚገባ ሌላ መንገድ ሲቀላቀል ግን ቀለሙ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ በምልክቱ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ቢጫ ቅርጽ ይመለከታሉ፤ ቢጫው ሦስት ማዕዘን በቀኝ፥ ቢጫው አራት ማዕዘን በግራ ይሁን የሚል ሕግ አለና።

በደቡብ ካሮላይና ቦዩ በዐለት መካከል ተቈርጦ የሚያልፍበት ጠባብ ስፍራ አለ፤ በመላው መንገድ መጨረሻ ተቈፍሮ የተያያዘው ክፍል ይህ ሲሆን፥ በ1936 ዓ.ም. ተፈጸመ። ከዚህ ከመግባታቸው በፊት ከፊት የሚመጣ ትልቅ የጭነት መርከብ እንዳለ በሬዲዮ ይጠይቃሉ፤ በውስጡ መተላለፍ አስቸጋሪ ነውና። በጆርጂያ ደግሞ ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከሁለት ሜትር በላይ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ጧት ጀልባ ያለፈበት ስፍራ ከቀትር በኋላ አሸዋው ተገልጦ ሊገኝ ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለ፥ የጕድለቱን ሰዓት ያላሰላ ሰው ጀልባው በአሸዋ ላይ ተቀምጣ ሙላቱን ስትጠብቅ ያድራል።

ድልድዩም ስሌት ይፈልጋል። ከማይከፈቱት ድልድዮች አብዛኞቹ ከውሃው በላይ ያላቸው ከፍታ ሃያ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በማያሚ ያለው አንዱ ግን 17 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሸራው ምሰሶ ከዚህ የበለጠ ከሆነ፥ መንገደኛው አስቀድሞ ወደ ውጭው ባሕር ወጥቶ መዞር አለበት። የሚከፈቱት ድልድዮች ሲደርሱባቸው በሬዲዮ ጠባቂውን ጠርተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቦዩ ጠባብ ስለ ሆነ ሸራ የሚዘረጋበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ይሄዳሉ፤ ፍጥነታቸውም በሰዓት ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ሃያ ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ነፋስና ጥገና የሚያስቆማቸው ቀን ሲታከልበት ከወር ያልፋል። ባልየው መሪ ሲይዝ ሚስቲቱ ካርታ ታነባለች፤ ጥቂት ቆይተው ይለዋወጣሉ። አንዱ ቢታመም ሌላው ብቻውን ወደብ ማድረስ አለበትና፥ ሁለቱም የሁለቱን ሥራ ሊያውቁ ይገባል።

መንገዱ አንድ ጊዜ ተቈፍሮ የሚቀር አይደለም። ወንዞች ጭቃ ያመጣሉ፤ የባሕሩ ሙላትም አሸዋ ያስገባል። ከኖርፎክ እስከ ፍሎሪዳ መካከል ድረስ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል እንዲሆን በሕግ ተወስኗል፤ ነገር ግን ደለሉ ካልተጠረገ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆኖ የሚገኝበት ስፍራ ብዙ ነው። የመጥረጉ ሥራ ለአገሩ የጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ተሰጥቷል። በጀቱ ባነሰ ጊዜ አሸዋው ይከማቻል፤ ካርታውም ከእውነተኛው ውሃ ይለያል። ጥንታዊው ቦይም በውሃ ማነስ ወይም በጥገና ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

መምህራን ይህንን ትምህርት ሲያስተምሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ ትንሽ ቦይ ቈፍረው፥ በሁለት ጣውላ ዘግተው፥ ውሃ እየሞሉና እያጐደሉ ቁራጭ እንጨት ከፍና ዝቅ ሲል ለልጆቹ ቢያሳዩ የውሃው በር አሠራር ወዲያው ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የመንደራቸውን ምንጭና መንገድ ማን እንደ ቈፈረው፥ ዛሬስ ደለሉን ማን እንደሚጠርገው ሽማግሎችን ጠይቀው ይምጡ። የሚሰሙትንም ስም በደብተራቸው ይጻፉ፤ የባዕዱን ቦይ ከቈፈሩት መካከል በስሙ የሚታወቀው ጥቂት ነውና።