ቅቤ ስንገዛ ምን እንመልከት?

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ቅቤ ነው። እዚህ ኡም ራኩባ ቅቤ በየቀኑ የሚገዛ ነገር አይደለም። ለአራስ፣ ለዓመት በዓል ወይም ከሕመም ላገገመ ልጅ ተብሎ ከስንት ቁጠባ በኋላ ይገዛል። ስለዚህ የከፈላችሁበት ነገር በእርግጥ ቅቤ መሆኑን ማወቅ ይገባችኋል።

በኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ሙዝ፣ ዱቄትና የረጋ የአትክልት ዘይት ያሉ ባዕድ ነገሮች የተቀላቀሉበት ቅቤ በተለያየ ጊዜ ተገኝቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ መሸጥ ይከለክላል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃም ቅቤ ከመቶ 80 እጅ ያላነሰ የወተት ስብ፣ ከ16 እጅ ያልበለጠ ውኃ እንዲኖረው ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ቅቤ ቢያንስ 800 ግራም ስብ ይኑረው ማለት ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካም ይህንኑ 80 እጅ በሕግ የደነገገችው በ1923 እ.ኤ.አ. ነበር።

ሆኖም በቅጠል ተጠቅልሎ ወይም በሳህን ተቆልሎ የሚሸጥ ቅቤ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ተቆጣጣሪም ከእያንዳንዱ ሻጭ አጠገብ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ የሚከተለውን በቤታችሁ አድርጉ።

አንደኛ፣ ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ገዝታችሁ አንጥሩ። ንጹሕ ቅቤም ጥቂት ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ዝቃጩ ከበዛና እንደ ገንፎ ከወፈረ ግን ዱቄት ወይም ሙዝ ሊኖርበት ይችላል። ለረጅም ጊዜ የሚንጣጣ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል።

ሁለተኛ፣ የቁስል አዮዲን ካላችሁ በትንሽ ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ዱቄት አለበት። የሞከራችሁበትን ቁራጭ ጣሉት እንጂ አትብሉት።

ሦስተኛ፣ የረጋ የአትክልት ዘይት በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በላቦራቶሪ ነው። ዋጋው ከሌላው እጅግ የረከሰ ቅቤ ሲቀርብላችሁ ተጠንቀቁ።

አራተኛ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ስትገዙ ዓረብኛ በሚያነብ ሰው አስነብቡ። «ሰምን ነባቲ» የሚል ከሆነ የአትክልት ቅባት ነው እንጂ የላም ቅቤ አይደለም። «ኢንታጅ» የተመረተበት፣ «ኢንቲሃ» የሚያበቃበት ቀን ነው። የአትክልት ቅባት መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ በቅቤ ስምና በቅቤ ዋጋ መሸጡ ነው። በፋብሪካ የረጋ ዘይት ደግሞ ትራንስ ፋት የሚባል ልብን የሚጎዳ ስብ ሊኖረው ስለሚችል አታዘውትሩት።

እናቶች ሆይ፣ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ባዕድ ነገር የሌለበት ቅቤም ቢሆን ካልፈላ ወተት ስለሚናጥ ብሩሴሎሲስ የተባለውን የትኩሳት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በደንብ ሳታነጥሩ ለምግብ አታውሉት። ለተወለደ ሕፃን ፈጽሞ ቅቤ አታልሱ፤ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

የተበላሸ ወይም የተቀላቀለ ቅቤ ካጋጠማችሁ ጎረቤቶቻችሁ እንዳይታለሉ ንገሯቸው፤ ለጤና ሠራተኞችም አስታውቁ። በልቶ የታመመ ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።