ሹም ሽርና መሬት

የታሪክ ትምህርት ባለፈ ቁጥር በመካከላችን የምትነሣ አንዲት ክርክር አለች፤ ይኸውም «የ1966ቱ አብዮት ሊቀር ይችል ነበርን?» የምትል ናት። ውድ አንባብያን ሆይ፤ ለዚህ መልስ ለመፈለግ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ከየቡ ብዙ የማትርቀው ጅማ ትበቃናለች።

የዘውዱ መንግሥት አገር ባጉረመረመ ጊዜ የሚያበርድበት የቆየ ዘዴ ሹም ሽር ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም ተነሣ። መንግሥት ጦር ቢልክም አልሆነለትም፤ ስለዚህ ውዝፉን ግብር ማረ፤ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴንም አነሣ። ጎጃምም ረጋ። ገበሬው ባለርስት ስለ ነበረ የፈለገው መሬቱ እንዳይነካበት ነው እንጂ ዙፋኑ ይውደቅ አላለም።

ደጃዝማችስ ወዴት ሄዱ? ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት፥ ማለት ወደ ጅማ ተዛወሩ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ቅሬታው ሳይመረመር ሹሙ ብቻ አገር ለወጠ። በ1966 ዓ.ም. የጅማ ተማሪዎችና የከተማው ሕዝብ አድመው ይነሡልን አሉ፤ ተነሡም። ነገር ግን በዚህ ጊዜ አገሩ አልረጋም።

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በደቡብና በምዕራብ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ስለ ነበረ፥ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ሹም ቢለወጥ እርሱ ምን ያገኛል? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የሄዱት ስለዚሁ ነው። የጭሰኛውን ኪራይ የሚወስን ረቂቅ ሕግም ኋላ ለፓርላማ ቀርቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬቶች ነበሩና ሳይጸድቅ ቀረ።

ያ ሕግ ጸድቆ ቢሆን ኖሮስ? ዘውዱ ይድን ነበር የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን የኢራንን ነገር አነሣባቸዋለሁ፤ ሻሁ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት አከፋፍለው ሳለ በ1971 ዓ.ም. ከመውደቅ አልዳኑም። ይልቅስ የሚለወጠው የጭሰኛው ኑሮ ነበር፤ ኪራዩ ተወስኖለት፥ ውሉ ተጽፎለት፥ ባለመሬቱ ግን እንዳለ ይኖር ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ባለመሬቱን አስቀረ፤ ለአራሹም እስከ 10 ሄክታር እንዲይዝ ፈቀደለት፤ መሸጥና መለወጥን ግን ከለከለው።