ላፕቶፑን ተረክበናል፤ ቁልፉስ?

ባለፈው ዓመት የሆነ ነው። ስድስት ሰው የምንሠራበት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ አለቃችን ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ የለቀቀችው የሒሳብ ሠራተኛችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ላፕቶፑ ላይ አፍጥጠዋል። ስክሪኑ ላይ ስሟና ፎቶዋ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ፒን የሚጠይቅ ሳጥን።

«ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቅ የለ? ክፈተው» አሉኝ።

የወሩ የቫት ማሳወቂያ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። የፒችትሪው ዳታ በሙሉ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሌላ ያለን ነገር ቢኖር ከአራት ወር በፊት ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ባክአፕ ብቻ ነው።

እኔ ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ አንድ ወረቀት ነው። የልጅቷን ክሊራንስ የፈረምኩት እኔ ነኝ። «ላፕቶፕ 1፣ ቻርጀር 1፣ ቦርሳ 1፣ የካዝና ቁልፍ 2» ይላል። የካዝናውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት። የላፕቶፑን ቁልፍ ግን አልጠየቅኳትም። ሌላ የጠየቃትም ሰው የለም።

አለቃችን ሲደውሉላት አታነሳም። «ሆን ብላ ነው የቆለፈችው፤ ፖሊስ ጋ ነው የምሄደው!» አሉ። እስከዚያው ላፕቶፑን ይዤ ወደ ጠጋኝ ሄድኩ።

ነገሩን ያባባስነው እኛው ነን

ጠጋኙ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ብዙ ላፕቶፕ ከፍቷል። በፍላሽ ለማስነሳት ባዮስ ውስጥ ገብቶ አንዳንድ ነገር አጠፋና ሪስታርት አደረገው። ከዚያ በኋላ ፒን የሚጠይቀው ገጽ ራሱ ጠፋ። በምትኩ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ አስገቡ የሚል ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ልጁ አንገቱን ነቀነቀ።

«ቢትሎከር ነው። ፎርማት ላድርገው? በግማሽ ሰዓት እንደ አዲስ ይሆንላችኋል።»

እንደ አዲስ! እኛ የምንፈልገው አሮጌውን ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚደባልቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ተራ የዊንዶውስ ፓስወርድ እንደ በር ቁልፍ ነው። በሩ ቢዘጋም ዕቃው ቤት ውስጥ እንዳለ ነው። ባለሙያ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው ፋይሎቹን ማውጣት ይችላል። ቢትሎከር ግን ዕቃውን ራሱን ይለውጠዋል። ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ያለ ቁልፉ ሊነበብ ወደማይችል ዝብርቅርቅ ይቀየራል። ዲስኩን ፈታችሁ የትም ብትሰኩት ያው ዝብርቅርቅ ነው። ባዮስ ሲነካካ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ደግሞ «ሌባ እጅ ገብቼ ይሆናል» ብሎ ይጠረጥርና 48ቱን አሃዝ ይጠይቃል። ቁልፉ ከጠፋ ማይክሮሶፍት ራሱ እንኳ መልሶ ሊሠራው አይችልም። «ቢትሎከር እንሰብራለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቃችሁን ሰው ተጠንቀቁ።

ታዲያ ማን ቆለፈው? ማንም። አዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ልጅቷ ሥራ በጀመረችበት ቀን የቢሮ አካውንት የሰጣት ስላልነበረ የራሷን ኢሜይል አስገባች። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ ማሻሻያ ወዲህ፣ አካውንት ሲገባ ዲስኩ ሳይጠየቅ ራሱን ይቆልፋል። ቁልፉም እዚያው የገባው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። በአጭሩ፣ ላፕቶፑ የድርጅቱ፣ ቁልፉ የእሷ። ይህን ደግሞ እሷም አታውቅም ነበር።

ቁልፉ ያለው ሰው ጋ ነው

ማታ ከቤት በራሴ ስልክ ደወልኩላት። አነሳች።

«እኔኮ ምንም አልቆለፍኩም!» አለችኝ። «ፒኑን የጠየቀኝ ሰው ነበር እንዴ? ስልክ ለምን እንደማላነሳ ደግሞ አንተም ታውቃለህ። ለደሞዜ ሁለቴ መጥቼ ‹ነገ ነይ› ተብያለሁ። የሥራ ልምዴንም አልጻፉልኝም። አሁን ሲቸግራችሁ ነው የማስታውሳችሁ?»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ ከተቋረጠ በኋላ የሠራተኛው ደሞዝና ሌላ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት ይላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። እሷ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዋን ሰጥታ፣ ጨርሳ ነው የወጣችው። እኛ ሦስተኛ ሳምንት ይዘናል።

በሌላ በኩል የድርጅት ዳታን በመያዣነት መያዝም ልክ አይደለም፤ ደሞዝ የሚጠየቅበት መንገድ ሌላ ነው። ይህንን ልነግራት ስዘጋጅ እሷ ቀደመችኝ።

«ቁልፉን ልልክልህ ነው፣ የት እንደማገኘው ብቻ ንገረኝ። ፒችትሪው ውስጥ ያለው የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው። እንዲጠፋ አልፈልግም።»

በስልኳ ማይክሮሶፍት አካውንቷ ውስጥ ገባች። የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የመልሶ ማግኛ ቁልፎች የሚል ቦታ አለ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የቁልፍ መለያ ይጻፋል፤ የመለያውን የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር አንብቤላት ከእሷው ጋር አመሳከረች። ከዚያ ስምንት ቦታ የተከፈለ፣ እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ የሆነ ቁጥር በቴሌግራም ላከችልኝ። ፒኑንም ጨመረችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑ ተከፈተ። አለቃችን «ተመስገን!» አሉ።

«ልጅቷ ናት የላከችው» አልኳቸው። «ደሞዟ ግን እስካሁን አልተከፈላትም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «የሥራ ልምዷን ጻፍና አምጣው፣ ልፈርም» አሉኝ። ገንዘቧም በዚያው ሳምንት ገባላት።

አንድ ነገር ግን ደንግጬ ያየሁት አለ። ላፕቶፑ እንደተከፈተ ቴሌግራሟም ተከፈተ። የቤተሰብ ወሬ፣ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሳላነብ ዘጋሁትና ደወልኩላት። እሷም ከስልኳ ሴቲንግ ውስጥ መሣሪያዎች የሚለው ጋ ገብታ የቢሮውን ላፕቶፕ አስወጣችው። ሌላ ሰው ቢሆን የከፈተው?

እናንተ ጋ እንዳይደርስ

ሥራ የምትለቁ ከሆነ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ የራሳችሁን አካውንት አታስገቡ። አስገብታችሁ ከሆነም ከመውጣታችሁ በፊት ከቴሌግራም፣ ከኢሜይልና ከብራውዘር ውጡ። የመልሶ ማግኛ ቁልፉን አትማችሁ አስረክቡና «ተረክበናል» የሚል ፊርማ ያዙ። ነገ «ቆልፋ ሄደች» ስትባሉ የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ነው።

የምትረከቡ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑን ዘግታችሁ አትቀበሉ። ሰውየው እያለ አብራችሁ ክፈቱት፣ የድርጅቱ የሆነ ሁለተኛ የአድሚን አካውንት ፍጠሩ፣ ዳታውን ገልብጡ። ድርጅቱ የማይክሮሶፍት የሥራ አካውንት ካለው ነገሩ ይቀላል፤ ላፕቶፑ በእሱ ከተመዘገበ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ፓስወርዱን መቀየር፣ አብዛኛውን ጊዜም ቁልፉን ማየት ይችላል። ማክቡክ ከሆነ የለቀቀው ሰው መሣሪያውን ከአፕል አካውንቱ ማስወጣት አለበት። ሰውየው ካልተገኘ አፕል የግዢ ደረሰኝ አይቶ አክቲቬሽን ሎክን ሊያነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ።

አንዴ ተቆልፎ ካገኛችሁት ደግሞ ባዮስ አትነካኩ፣ ፎርማት ለሚላችሁም አትስጡ። መጀመሪያ ቁልፉን ፈልጉ፤ የሰውየው አካውንት ውስጥ፣ የታተመ ወረቀት ላይ፣ ፍላሽ ላይ። ከዚያ ሰውየው ጋ ደውሉ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ዕዳ እንዳለባችሁ እዩ።

እኛ ቢሮ የክሊራንሱ ፎርም አሁን ተቀይሯል። «የካዝና ቁልፍ» ከሚለው በታች አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «የላፕቶፕ ቁልፍ፣ 48 አሃዝ»። ከእሱ በታች ደግሞ ሌላ አለ፤ አለቃችን ራሳቸው ናቸው ያስጨመሩት፦ «የመጨረሻ ደሞዝ የተከፈለበት ቀን»።