ከጣት እስከ ጆሮ

ክራር ተጫዋቹ መኝታ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። የኤሌክትሪክ ክራሩን ሳውንድ ካርዱ ላይ ሰክቷል፣ ሄድፎን አድርጓል፣ ከበሮው እየመታ ነው። የመጀመሪያውን ክር ሲመታ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ጣቱ ጆሮውን መጠበቅ ይጀምራል፤ በጠበቀ ቁጥርም ነገሩ ይብሳል። ሁለት ዙር ሳይሞላ ከምቱ ወጥቷል። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው "ወደ ኋላ እየቀረህ ነው፤ እስቲ እንደገና" ይለዋል። ብዙ ጥሩ ተጫዋች በዚህ መንገድ ባላጠፋው ተወቅሷል። የዘገየው ማሽኑ ነው፤ የስቱዲዮ ሰዎች ሌተንሲ ይሉታል።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ10 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ከአምፕሊፋየሩ 3.4 ሜትር ርቆ እንደ መቆም ነው። መድረክ ላይ ሙዚቀኞች በዚህ ያህል ርቀት ቆመው ተግባብተው ይጫወታሉ። 42 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ግን ርቀቱ ከ14 ሜትር ይበልጣል፤ ክራሩ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ከግቢው ማዶ የሚመጣ ያህል ነው።

መዘግየቱ በአብዛኛው የሚወለደው ባፈር ከሚባለው መጠበቂያ ላይ ነው። ሳውንድ ካርዱ የክራሩን ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ እያንዳንዷ ልኬት ሳምፕል ትባላለች። ኮምፒውተሩ ግን ሳምፕሎቹን አንድ በአንድ አያስተናግድም። ሚኒባስ ታክሲ ካልሞላ እንደማይነሳ ሁሉ፣ ባፈሩም የተወሰነለት ቁጥር እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቀድማ የገባችው ሳምፕል የመጨረሻዋን ትጠብቃለች። ባፈሩ 512 ከሆነ ለመሙላት 10.7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ወደ ሄድፎን የሚመለሰውም በሌላ ታክሲ ነውና ደርሶ መልሱ 21 ያልፋል። 1,024 ላይ ከ42 ይበልጣል፤ ከግቢው ማዶ ያልነው ይህ ነው። 128 ላይ 5.3 ብቻ ይሆናል። ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን መልሰው ወደ ድምፅ የሚለውጡት ክፍሎች፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ለራሱ የሚይዘው ትርፍም ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይጨምሩበታል።

ታዲያ ሁልጊዜ ትንሹን ታክሲ ለምን አንይዝም? ትንሽ ታክሲ ብዙ ምልልስ አለበት። በ64 ሳምፕል ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 750 ጊዜ ሥራውን ጨርሶ ማስረከብ አለበት። አንዴ ካረፈደ "ቋ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቀረጻው ውስጥ ከገባ ደግሞ ማጽዳቱ አድካሚ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ሥራው ይቀያየራል፦ ሲቀረጽ 64 ወይም 128፣ ሚክስ ሲደረግ 1,024። ሚክስ ላይ የሚጫወት ሰው ስለሌለ መዘግየቱ ማንንም አይጎዳም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቸገረው ዘፋኝ ነው። የራሱ ድምፅ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ወዲያውኑ ይሰማዋል፤ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ በሄድፎን የሚደርሰው ሲደረብበት አንዳንዱ ቃና ይጠፋል፣ ሌላው ይጎላል። ድምፁ የሳሳ፣ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ዘፋኙ "ዘገየ" አይልም፤ "ዛሬ ድምፄ ደስ አላለኝም" ነው የሚለው። ያኔ ማይክ ለመቀየር ከመሮጥ በፊት ባፈሩን ማየት ይገባል።

ዊንዶውስ ላይ ችግሩ ሥር የሰደደ ነበር። የድምፅ መንገዱ የተሠራው የፊልሙን፣ የጨዋታውንና የማሳሰቢያ ደወሉን ድምፅ ቀላቅሎ ለማሰማት እንጂ ለሙዚቀኛ ጣት አልነበረም። ኩቤዝ የተባለውን የሙዚቃ ሶፍትዌር የሚሠራው የሐምቡርጉ ስታይንበርግ በ1997 እ.ኤ.አ. አሲዮ የተባለ አቋራጭ አወጣ፤ የሙዚቃ ሶፍትዌሩ የዊንዶውስን ድምፅ ቀላቃይ አልፎ ከሳውንድ ካርዱ ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ አደረገ። ማክ ላይ ኮር ኦዲዮ የተባለው የድምፅ ሥርዓት አብሮ ስለሚመጣ ይህ ጣጣ የለም። ዛሬም ብዙ ሰው ሳውንድ ካርድ ገዝቶ የካርዱን ድራይቨር ሳይጭን፣ ሶፍትዌሩ ላይ የዊንዶውስ የራሱ መንገዶች የሆኑት ኤምኤምኢ ወይም ዳይሬክት ሳውንድ እንደተመረጡ ይቀርጻል። በዚህ በጣም አዝናለሁ፤ ማስተካከያው በነፃ የሚገኝ ነውና። የራሱ ድራይቨር ለሌለው ካርድም አሲዮ ፎር ኦል የሚባል ነፃ ድራይቨር አለ።

ለዘፋኝ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የሚሻለው ኮምፒውተሩን ጨርሶ መዝለል ነው። ብዙ ሳውንድ ካርዶች ዳይሬክት ሞኒተር የሚባል ቁልፍ አላቸው፤ የማይኩ ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ እየሄደም ሳለ እዚያው ካርዱ ላይ ወደ ሄድፎን ይሻገራል። በሶፍትዌሩ በኩል የሚሰማው መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ ድምፁ ሁለት ይሆናል። "ያለ ሪቨርብ መዝፈን አልችልም" ለሚል ዘፋኝ ደግሞ ሪቨርቡን ብቻ ከኮምፒውተሩ መላክ ይቻላል። የገደል ማሚቶ ቀድሞም ዘግይቶ የሚመጣ ነውና 20 ሚሊ ሰከንድ ቢጨመርበት ጆሮ አይከፋውም።

በሶፍትዌሩ ውስጥ ድምፁን የሚያስተካክሉ ፕለጊኖችም የራሳቸው መዘግየት አላቸው፤ በተለይ የሚመጣውን ድምፅ አስቀድመው የሚያዩ ሊሚተሮች። አቀናባሪው ሠላሳ ትራክ ከነፕለጊኑ ከፍቶ ዘፋኝ ከሚያስገባ፣ ቅንብሩን አንድ ፋይል አድርጎ አውጥቶ በዚያ ላይ ቢቀርጽ ፕሮሰሰሩ ይተነፍሳል፣ ባፈሩም ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ስለሚቀንስ "ቋ" ማለት ሊጀምር ይችላል፤ የኃይል አጠቃቀሙን ከፍተኛው ላይ ማድረግ፣ ዋይፋይንም መዝጋት ይረዳል። የብሉቱዝ ሄድፎን ራሱ ድምፁን ስለሚያዘገይ ለቀረጻ አይሆንም።

አንድ ነገር ቀረ። ሶፍትዌሩ የተቀረጸውን ድምፅ በትክክለኛ ቦታው የሚያስቀምጠው ድራይቨሩ የነገረውን የመዘግየት ልክ አምኖ ነው፤ ድራይቨሩ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክሉን አይናገርም። ማጣሪያው አንድ ኬብል ነው፦ ከሳውንድ ካርዱ መውጫ ወደ ራሱ መግቢያ ይሰካል፣ የሜትሮኖም ምት ይለቀቃል፣ ያው ምት ተመልሶ ይቀረጻል። ከዚያ ሁለቱን አጉልቶ በመካከላቸው ያለውን ሳምፕል መቁጠር ነው። ልዩነቱ ለምሳሌ 960 ቢሆን፣ እዚህ ካርድ ላይ የተቀረጸው ሁሉ 20 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ቁጥሩ የሶፍትዌሩ ቅንጅት ላይ ይሞላል፤ የድሮዎቹ ትራኮችም ያን ያህል ወደ ግራ ይሳባሉ። "ወደ ኋላ ቀርቷል" ተብሎ የተጣለ የክራር ቅጂ ካለ፣ እሱንም ስቦ እንደገና መስማት ነው።