ኳሱን ማን ይምራ?

ለአንባቢዎቻችን ስለ አንድ የአሠልጣኝ ምርጫ እንነግራለን። በ1968 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ዳረል ሮያል፤ ረዳታቸው ኤሞሪ ቤላርድ ባወጡት ዘዴ፤ ሦስት ሯጮችን ከኳርተርባኩ ኋላ እንደ ባላ አሰለፉ፤ ስሙም በዶሮ አጥንት «ዊሽቦን» ተባለ። ኳርተርባኩ የተከላካዩን አኳኋን አይቶ ኳሱን ለሯጭ መስጠቱን፤ ይዞ መሮጡን ወይም ወደ ጎን መወርወሩን በቅጽበት መወሰን አለበት።

የመጀመሪያው ጨዋታ 20 ለ20 አለቀ። በሁለተኛው፤ 31 ለ22 በተሸነፉበት፤ ሮያል ስመ ጥሩውን ቢል ብራድሌይን አንሥተው ጄምስ ስትሪትን ተኩ። ስትሪትም ከዚያ ወዲያ የመራቸውን 20 ጨዋታዎች ሁሉ አሸነፈ።

ብራድሌይ ግን አኩርፎ አልሄደም፤ ወደ ተከላካይነት ተዛውሮ ቡድኑን አገለገለ። ቦታ ሲለወጥበት ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው ብዙ ነውና፤ ይህን ሥራውን ከ20ው ድል አናሳንሰውም።